የዙሀይራ ሸክላ

ሮቤ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሴ ሻፊ፣ አሶሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ። እንዴት ነሽ ልጄ? ባልሽ ለሚስ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ፤ ከጆሮዬ በቀር ሁሉም በቦታው አለ። ጆሮዬን ያው ለወፍጮ ቤቱ ገብሬዋለሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው ስንዴ ስፈጭ እሱም አብሮ ተፈጨ። ስለዚህ በወይዘሮ እኅተማርያም ስልክ እየደወልሽ አትድከሚ። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን ያልሽውን ጆሮዬ ላይ ጮኻ ስትነግረኝ ከእኔ በፊት መንደሩ ይሰማል። በጽሑፍ ብትልኪላትም እኔ ዘንድ ሳይደርስ ጎባ ይደርሳል። ደብዳቤ ይሻለናል፤ ፖስታ ቤቱም ደንበኛ ጠፍቶበት እኔን ሲያይ ደስ ይለዋል።

አዎ፣ ሸክላው አለ። ጥያቄሽን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። በሠላሳ ሁለት ዓመትሽ ስለ እናትሽ ድምፅ ስትጠይቂኝ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። ዙሀይራ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ከባሌ የባህል ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄዳ የዘፈነችበት ትንሽ ሸክላ ነው። በአንዱ ፊት እሷ አለች፤ በሌላው ፊት መሀመድአወል አለ። አዎ፣ ያው ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ሐጂ መሀመድአወል። ያን ጊዜ ሐጂ አልነበረም፤ ጎፈሬው እንቅብ ያህል ነበር፤ እናትሽንም ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ያገባኋት እኔ ነኝ፤ እሱን ግን ከሸክላው ላይ ማስወረድ አልቻልኩም።

ማጫወቻ ያለው ሰው አዲስ አበባ አለና ይላክለት ላልሽው፣ አይሆንም። አንቺ ልጅ ሳለሽ የአጎትሽ ልጅ በካሴት ላስገልብጠው ብሎ ወሰደው። ዓመት ቆይቶ ጠርዙ ተሰንጥቆ፣ የሁለቱም ፊት ወረቀት ተልጦ መጣ። ካሴቱም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሸክላ ከዚህ ቤት አይወጣም ብያለሁ። ነገር ግን በወጣትነቴ ጎባ ውስጥ ጎረምሶች ወረቀት ጠቅልለው፣ ጫፉ ላይ መርፌ ሰክተው፣ ያለ ኤሌክትሪክ ሸክላ ሲያዘፍኑ አይቻለሁ። እነሱ የሠሩትን እኔም አላጣውም።

ለምን አሁን እንደጠየቅሽኝ ግን ጻፊልኝ።

አባትሽ ሻፊ


አሶሳ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት አደረገዎት? ለሚ ሰላም ብሎዎታል። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ ወረቀቱን ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ለምን አሁን ላሉኝ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አባባ። ያልነገርኩዎ ፈርቼ ነው፤ ከዚህ በፊት የነበሩት ሁለቱ አልቆዩልኝም። ይኸኛው ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ሐኪሟ መንገድ ከልክላኛለች፤ ትምህርት ቤቱም ፈቃድ ስለሰጠኝ ከአልጋ ብዙም አልወርድም። ሸክላው ከቤት አይወጣም ካሉኝ፣ መጥቼ የማልሰማው ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላወስ ልዘፍንለት አፌን ከፈትኩ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው የፊደል መዝሙር ብቻ መጣልኝ። ሰው ለልጁ የሚያዜመውን ከእናቱ አፍ ይወስዳል፤ እኔ የምወስድበት አፍ የለኝም። የእማዬን መልክ በፎቶግራፍ አውቀዋለሁ፤ ሰዎችም መልኳን ወርሰሻል ይሉኛል። ድምጿን ግን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ድምፅ አይነገርማ። ሳልወልድ አንድ ጊዜ ልስማት። ከእርስዎ የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ጉልበትዎን ግን አይጨርሱ። ካልሆነም አልቀየምዎትም።

ልጅዎ ለሊሴ


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ በሰላም ያገላግልሽ፤ ይህን በየሶላቴ እለምናለሁ። ሁለቱን ለብቻሽ መቅበርሽ አንገብግቦኛል። የደነቆረው ጆሮዬ እንጂ ልቤ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለውን እንዳትደብቂኝ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ዕቃው ከቤቴና ከጎረቤቴ ተሟላ። አናጢው ደምሴ ክብ ጣውላ ቆረጠልኝ። ከሥሩ ከወፍጮ ቤት ያስቀረሁትን ኩሽኔታ አስገባሁበት፤ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ያለድምፅ ይዞራል አሉኝ፤ ለእኔማ ሁሉም ያለድምፅ ነው። መሃሉ ላይ ሚስማር፣ ጠርዙ ላይ ማዞሪያ እንጨት ተከልኩ። ሸክላው እንዳይፋቅ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አነጠፍኩለት። ድምፅ የሚወጣበትን በጋዜጣ ብሞክር ለሰለሰብኝ። ኋላ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ወፍራም የቀን መቁጠሪያ አውርጄ፣ ቆሎ ሻጭ እንደምትጠቀልለው አድርጌ ጠቀለልኩት። ዓመቱ ሳያልቅ ስለቀደድኩት ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ወይዘሮ እኅተማርያምን እጠይቃለሁ። ሹል ጫፉ ላይ የስፌት መርፌ በፕላስተር አሰርኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለበትም።

እኔስ ይሰማኝ እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ አይሰማኝም። ሠርቼ ስጨርስ ይሥራ አይሥራ የማላውቀው እኔው ሆንኩ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ለእኔ የደረሰኝ ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴን አስቀምጬ ፊቷን እያየሁ አዞርኩ። ብዙ ቀን ራሷን ነቀነቀች፤ መርፌው እየዘለለ ስንጥቁ ላይ ይወድቃል። ባለፈው ሐሙስ ግን እጇን አንስታ ዝም አስባለችኝ፤ እኔ ምንም ሳልናገር። ሴት ናት? አልኳት። ሴት ናት፣ ቀጭን ድምፅ አላት አለችኝ። እሷ ወደዚህ ሰፈር የመጣችው እናትሽ ከሞተች በኋላ ስለሆነ ድምጿን አታውቅም፤ የሸክላውም ወረቀት ስለተላጠ የትኛው ፊት የማን እንደሆነ የምለይበት ሌላ መንገድ የለኝም። ሴት ከሆነች እሷ ናት፤ መሀመድአወል ጎፈሬ እንጂ ቀጭን ድምፅ አልነበረውም። ሌላውን ፊት መሞከር አላስፈለገኝም።

የእኔ እጅ ያው የወፍጮ ቤት እጅ ነው፤ መቸኮል እንጂ ማዝገም አልለመደም። እንደምንም አዞርኩት፤ እኅተማርያም ስልኳን ወረቀቱ አፍ ላይ ደቅና ቀዳችው። ዛሬ ትልክልሻለች። ይኸኛውን ጎባም ይስማው፤ ግድ የለኝም።

ስትሰሚ እንዴት እንደሆነች ጻፊልኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባንቺ ጆሮ ልስማት።

አባትሽ


አሶሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣

ሰማኋት።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። አሰላሙ ዐለይኩም፤ ደህና ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬ ከማበጡ በቀር። ለሚ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎልኝ ወጣ፤ ብቻዬን ልስማ ብዬው ነው። በመጀመሪያ ሺሽታ ብቻ ነበር፤ እሳት ላይ የተጣደ ነገር ይመስላል። ስንጥቁም ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ ከታች የሆነ ዜማ ወጣ። ቃሉን አልለየሁትም፤ ጉምና የሳነቴ ተራራ የሚሉትን ብቻ የያዝኩ መሰለኝ። ድምጿ ግን ቀጭን ነው፣ ችኩል ነው፣ የልጅ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስታናግርዎትም እንዲህ ትቸኩል ነበር? ሲቆጧት እንዴት ትሆን ነበር? እባክዎ ይጻፉልኝ፤ አሁን ስለ እሷ የማላውቀው ሁሉ እየበዛብኝ ነው።

ሆዴ ላይ አድርጌ ለልጁ አሰማሁት። ዝም አለ፤ ሲያልቅ ረገጠኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ አሰማዋለሁ። አባባ፣ እናት ያለኝ ያህል ሆኖ ተሰማኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው።

አንድ ልመና ልጨምር። ጠርቶ እንዲወጣ አድርገው ሌላ ቢቀዱልኝ? ቃሉን ይዤ እኔም እንድዘፍነው።

ልጅዎ ለሊሴ


ሮቤ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል።

ሌላ ቅጂ ላልሽው፣ ለጊዜው አልቻልኩም። እርጥበት ገብቶ ወረቀቱ ተጣመመ፤ መርፌውም ደነዘ። የዘፈኑንም ቃል ዘንግቼዋለሁ፤ ዕድሜ ነው። ቅቤና ከሪራ መንደር የመጣ ማር አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬልሻለሁ፤ ከዚያ ለሚ ያስመጣው። ስትወልጂ ትቀቢዋለሽ።

ብዙ አታሰሚው። ልጁ ይረፍበት፤ አንቺም እረፊ። አውፍ በይኝ ልጄ።

አባትሽ


አሶሳ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ዒድ ሙባረክ። ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ እትዬ እኅተማርያም እንደነገረችዎ አውቃለሁ፤ ከእኔም ይስሙት። ሴና ብለናታል። ሁለታችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱ ሊላህ። ማሩ ደርሷል፤ ቅቤው ግማሹ መንገድ ላይ ቀልጧል።

ሴና ያለ አያቷ ድምፅ አትተኛም። ስታለቅስ ስልኩን አጠገቧ አደርጋለሁ፤ ያች ቀጭን ድምፅ ስትጀምር ፊቷን ታዞራለች። የለሚ እናት ልትጠይቀኝ መጥታ ሰምታው አለቀሰች። ሙት ስታስተኛ አየሁ ብላ ለዘመድ ሁሉ አወራች።

አሁን ደግሞ እርስዎን ልጠይቅ። የመጨረሻው ደብዳቤዎ የእርስዎ አይደለም። አንድም ቀልድ የለበትም። አውፍ በይኝ ብለውኛል፤ በምን እንደበደሉኝ ግን አልጻፉም። የእማዬን የልደት ቀን የሚዘነጋ ሰው አይደሉም፤ የዘፈኗን ቃል ዘነጋሁ ቢሉኝ እንዴት ልመን? እትዬም አባትሽ በራቸውን ዘግተው፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው፣ እንጨት በአፋቸው ይዘው ይቀመጣሉ፤ ስገባ እንጨቱን ይደብቃሉ ብላኛለች። አእምሯቸው እንዳይሆን ብላ ፈርታለች። እኔም ፈራሁ። ምን እያደረጉ ነው?

ለሊሴ


ሮቤ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ የሴና እናት፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ። ልጅቷን አላህ ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ለእኅተማርያም አላበድኩም በያት፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም።

ይህን ተቀምጠሽ አንብቢ፤ ልጅቷንም ለለሚ ስጪው።

ያን ጠርቶ ይቀዳልኝ ያልሽኝን ልሠራ ተነሣሁ። ጋቢው ላይ ጥቁር ብናኝ አየሁ፤ ለካ መርፌው ሸክላውን እየላጨው ኖሯል። ደነገጥኩ። ከሪራ ማር የሚያመጣው ሰው ቀርከሃ ብታሾል ይለሰልሳል፣ አይቧጥጥም ብሎ አንድ ዘንግ አመጣልኝ። በምላጭ እንደ ስንጥር አድርጌ አሾልኩት። አንድ እጄ ጣውላውን ይዟል፣ አንዱ ያዞራል፤ ሦስተኛ እጅ የለኝምና ቀርከሃውን በጥርሴ ነክሼ ጎንበስ አልኩ። ጫፉ ሸክላውን ሲነካ ራሴ ውስጥ ሰው ዘፈነ።

በጆሮዬ አይደለም፣ ለሊሴ። በጥርሴ ገባ፣ በመንጋጋዬ ዞረ፣ ጭንቅላቴን ሞላው። ስንት ዓመት ባዶ የነበረ ቤት ሰው ገባበት። ቀርከሃውን ተፋሁና እግሬን ዘርግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ እንደገና ነከስኩ።

ድምፁ እንዳልሽው ቀጭን ነው፣ ችኩል ነው። ዙሀይራ ግን አልነበረችም። ዐሥራ ምናምን ዓመት አንድ ቤት አብሬያት የኖርኩ ሴት ናት፤ ስትስል እንኳ ከሰው መሃል እለያታለሁ። ግራ ገባኝ። እጄን ቀስ አደረግኩ፤ ድምፁ ወፈረ። ይበልጥ ቀስ አደረግኩ፤ ይበልጥ ወፈረ። በመጨረሻ መሀመድአወል ሆነ። ቁልጭ ያለ መሀመድአወል፣ ከነጎፈሬው። እኔ በወፍጮ እጄ አቻኩዬው ነው ሴት ያደረግኩት።

ልጄ፣ ያለቀስሽበት፣ ሆድሽ ላይ ያደረግሽው፣ ሴናን የሚያስተኛው እሱ ነው። እናትሽ አይደለችም።

ይህን ያወቅኩት ደስታሽን የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ ነው። እናት ያለኝ ያህል ሆኖ ተሰማኝ ብለሻል። ያንን ካነበብኩ በኋላ እንዴት አድርጌ ልጻፍ? አንድ ጊዜ ሳታውቂያት ሞተችብሽ፤ ሁለተኛ እኔ በብዕር ልግደልብሽ? ዝም ብዬ ልኑር አልኩ። መሀመድአወልም ቢሆን ሰው ነው፤ ለልጅ ቢዘፍን ምን ገደደኝ አልኩ። ከዚያ ሴና ያለ አያቷ ድምፅ አትተኛም ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ምግብ አልጥም አለኝ።

ሸክላውን ገለበጥኩት። መርፌ ያልነካው ፊት ነው፤ አላህ ጥሎ አይጥልም፤ ስንሞክር ስንሞክር የላጨነው ያንን የመሀመድአወልን ፊት ነው። የእሷ እንዳለ ነው። ቀርከሃውን ነከስኩና አዞርኩ። በመጀመሪያ የወፍ ጫጫታ ነበረች። እጄን ዝግ አደረግኩ፤ ዝግ አደረግኩ፤ እሷ እስክትሆን ድረስ። ስትሆን አወቅኋት። ከቤት ወጥታ ገበያ ቆይታ የተመለሰች ያህል ነው። ናፍቄሽ ነበር አልኳት፤ ጮኼ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ቀርከሃው ከአፌ ወደቀና።

ቀርከሃው ወረቀቱ ላይ ቢታሰር ድምፅ አያወጣም። እኅተማርያም ስልኳን ብትደቅንም ሺሽታ ብቻ ቀዳች። መርፌ ደግሞ እሷ ላይ አላሳርፍም። ስለዚህ የምልክልሽ ነገር የለም። ልትሰሚያት ከፈለግሽ መጥተሽ መንከስ ነው። ከተቀየምሽኝም መብትሽ ነው።

አባትሽ ሻፊ


አሶሳ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒዱ እንዴት አለፈ? ዝም በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን አጥፌ ፍራሹ ሥር አደረግኩት፤ ወር ሙሉ ሳላወጣው ተኛሁበት።

ተቆጥቼ ነበር፤ ማንን እንደሆነ ግን አላውቅም። ያን ሁሉ እንባ ለማን እንዳፈሰስኩት ሳስብ እፍረት ይይዘኛል። ቅጂውን ላጠፋው ስልኩን አነሣሁ፤ ሴና አለቀሰች፤ ከፈትኩላት፤ ተኛች። ሳቄ መጣ። ከሳቁ በኋላ ደግሞ አለቀስኩ፤ ለሚ ምን እንደሚያደርገኝ አጥቶ ሻይ አፈላልኝ።

ባይነግሩኝ ይሻል ነበር ብዬም አስቤያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ከዚያ ግን ሴና አድጋ ይህች አያትሽ ናት ስላት ታየኝ። ልጄን ውሸት ላስታቅፋት አልፈልግም። ነግረውኛልና አላህ ይስጥልኝ።

እመጣለሁ። ክረምቱ ይውጣና መንገዱ ይድረቅ። ሐጂስ ያውቃሉ?

ለሊሴ


ሮቤ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽን አንብቤ ያን ቀን ጥሩ እራት በላሁ።

ሐጂ አውቋል። ሱቁ ሄጄ፣ ልጄን አስለቅሰሃታል ብዬ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀና እኔም ልስማ ብሎ መጣ። ነከሰ፤ ምንም አልሰማም። ለካ ጥርሱ ሁሉ የተገዛ ነው፤ የተገዛ ጥርስ ድምፅ አያሳልፍም። ቢያሳዝነኝ መርፌውን አውጥቼ በዚያው በተላጨው ፊት በወረቀቱ አሰማሁት፤ ዝግ አድርጌ። ጆሮው ደህና ነውና ሰማ። "ዱሮ ድምፅ ነበረኝ ለካ፤ እኔ ስዋሽ የኖርኩ መስሎኝ ነበር" አለኝና ብዙ ሳይቆይ ወጣ። የዙሀይራን ፊት ልስማ ብሎ አልጠየቀኝም። ሐጂነቱ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሸክላ የሚዞርበት ፍጥነት ቁጥር አለው፣ ፈልጌ ልላክልዎ ብትዪኝ፣ አትድከሚ። ሰዓት ፊቴ አስቀምጬ ብቆጥርም እጄ ይቀድማል ወይ ይቀራል። እሷ ስትሆን የማውቀው በድምጿ ነው፤ ድምጿን የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ በቀር በዚህ ሰፈር የቀረ የለም። እህቷ ሞታለች፣ እናቷ ሞታለች።

ስለዚህ አትዘግዪ። ዕድሜ አላህ ያውቃል፤ እኔ የምፈራው ለፊት ጥርሶቼ ነው። የታችኛው መነቃነቅ ጀምሯል። ሥጋ ትቻለሁ፤ ቂጣም በሻይ እያራስኩ ነው የምበላው። ልጅቷን አሙቀሽ አምጪያት፤ የሮቤን ብርድ ረስተሽዋል።

አባትሽ


አሶሳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከእርስዎ ዘንድ ተመልሰን በሰላም ገብተናል። ሴና መንገዱን ሙሉ ሰው ሁሉ ሲያቅፋት መጣች። ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ። ለሐጂም እንዲሁ፤ በእውነተኛ ድምፃቸው ሲያዜሙላት በማልቀሷ እንዳይቀየሙ ይንገሩልኝ።

ከቤትዎ ሳልወጣ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ቀርከሃውን ከአፌ አውጥቼ ቀና ስል ፊቴን አይተው እሷ ናት? አሉኝ፤ እኔ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ እትዬም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስለዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ እርስዎ ነክሰው አዞሩ። ዓይንዎን ጨፍነው፣ እጅዎ ልኩን እስኪያገኝ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ ሸክላው መዞሩን ሳያቆም ቀርከሃዎን አነሡና ለእኔ ያሾሉልኝን ሌላ ቀርከሃ እንድነክስ በአገጭዎ አሳዩኝ። አጎነበስኩ። ሺሽታው መጣ፤ ስንጥቁ መጣ፤ ከዚያ ራሴ ውስጥ አንዲት ሴት መዝፈን ጀመረች።

እውነቱን ልንገርዎት። አላወቅኋትም። ስሰማት ደሜ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር፤ ምንም አልነገረኝም። ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ትንፋሿን በጉልህ ትስባለች፤ አንድ ቦታ ላይም ሳቋን የዋጠች ይመስለኛል። ግን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ትምህርት ቤቴ ብትመጣ ከተማሪዎቼ ጋር የምትሰለፍ ልጅ ናት። ለዚህ ነበር ያን ሁሉ የጠበቅኩት ብዬ አዘንኩ፤ ቀርከሃው በጥርሴ መሃል ስለነበር ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም።

ከዚያ ወደ ዘፈኑ መጨረሻ ደረሰች፤ ጉሙ እስኪገፍፍ ቆይ ወደምትለው። እዚያ ላይ እጅዎ ይዘገያል፣ አባባ። እርስዎ አላወቁት ይሆናል። ደግመው ባዞሩልኝ ጊዜ ሁሉ፣ እዚያው ስንኝ ላይ፣ እንዳያልቅብዎት ያህል እያዘገሙ ነው የሚያዞሩት። እጅዎ ሲዘገይ ድምጿ ይወፍራል። ይከብዳል፤ ይደክማል። ልጅቷ ሴት ትሆናለች፤ ሴቲቱ ታረጃለች። እዚያች አንድ ስንኝ ላይ ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ሰማሁ፤ ዛሬ ብትኖር በሩ ላይ ቆማ ሴናን ስጪኝ የምትለኝን። ያቺን አወቅኋት። እናቴ እሷ ናት።

ያቺን ስንኝ ይዣታለሁ፤ ሴናን የማስተኛት በእሷ ነው። እርስዎ እንዳዞሩት አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ነው የምላት። በሚቀጥለው ስመጣ እጅዎን እንዳያርሙት ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።

ልጅዎ ለሊሴ ሻፊ